ያልተቆጠረ ትከሻ

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የመንደራችን የጥድ በር ቅሬ ሕጉ አጭር ነው፤ ከየቤቱ አንድ ትከሻ። የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ወዳለበት ወደ ብልባላ የምናወርደው በቃሬዛ ነው። የሞተውንም ወደ ቤተ ክርስቲያን የምናደርሰው በቃሬዛ ነው። ጥሩንባ ተነፍቶ ትከሻ ያላዋጣ ቤት ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ቤት ሰው ሲታመምበት መንገደኛ ይለምናል፤ ሲሞትበት መቃብሩን የሚቆፍረው ራሱ ነው።

ሌላም ሕግ አለ። አንድ ሰው ለሁለት ቤት አይሸከምም። ይህ የወጣው በአባቴ ጊዜ ነው። ያኔ ከብት የበዛላቸው ሰዎች አንድ ሎሌ ለብዙ ቤት ይልኩ ነበር። ስም ይሞላል፣ ሰው ይጎድላል። አንድ ክረምት ተሸካሚ አንሶ አንዲት አራስ መንገድ ላይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቤት የተቆጠረ ሰው ለሌላ ቤት አይቆጠርም። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በቤቱ ስም ይቆጠራል። ሽማግሌ በልጁ ይቆጠራል፣ ቄስ በጸሎቱ። ትከሻ የጎደለው ቤት ያልተቆጠረ ሰው ምትክ ማቆም ይችላል፤ ጥሩንባው ከማይሰማበት ቦታ የሚኖር ሰው ግን ምትክ መሆን አይችልም።

ከመንደሩ ያልተቆጠረ ወንድ አንድ ብቻ ነበር። አሥር አለቃ ከፋለ።

ከፋለ የግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ባድመ ጥሎ የመጣ ሰው ነው፤ የሚሄደው በሰው ሠራሽ እግርና በዱላ ነው። ሲመጣ አገሩ በእልልታ ተቀበለው። ቀበሌው ከወንዙ ዳር ውኃ የሚጠጣ መሬት ሰጠው። ቅሬው ከሸክም ነፃ አወጣው። ጡረታ አለው። የተፋሰስ ሥራ ሲታወጅ እሱ አይወጣም። ጤና ጣቢያ ወረፋ አይጠብቅም፤ ድግስ ላይ ከቄሶቹ ቀጥሎ ይቀመጣል። እሱም ይህን አይተውም። ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ካገኘ ፊቱ ይቆማል። ሰውየው እስኪነሣለት ቃል አይተነፍስም።

መጀመሪያ ማንም አላጉረመረመም። ዓመታት ሲያልፉ ሰው ይረሳል። በኋላ ደግሞ ጦርነት እኛው ደጅ ድረስ መጣ። መሣሪያ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሞተ፣ ከብቱ ተነዳ፣ ጎተራው ተራገፈ። ከዚያ ወዲህ ወታደሩን ከገበሬው ለይቶ ማክበር ለብዙዎች ከበዳቸው። "ሁላችንም ቀምሰነዋል፤ መሬት የተሰጠው ግን አንድ ሰው ነው" ይሉ ጀመር። ፊት ለፊት አይሉትም። ወፍጮ ቤት ይሉታል፣ ከቅዳሴ ሲወጡ ይሉታል።

እኔ የቅሬው ዳኛ ነኝ። የሚባለውን እሰማለሁ፤ ካልተጠየቅሁ አልናገርም።

ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጣው ታፈረ ነው። ታፈረ ጎልማሳ ነው፤ ጠንካራ ገበሬ ነበር። ጥር ላይ እርከን ሲሠራ ከላይ የተንከባለለ ቋጥኝ ቀኝ ትከሻውን አደቀቀው። ሐኪም ቤት ተኝቶ ዳነ፤ ክንዱ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። ግራውም ብቻውን የቃሬዛ አጣና አይሸከምም። ሚስቱ ይማርሽ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር።

የሰኔ ሚካኤል ማግስት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰብን። ታፈረ ተነሣ።

"ዳኛ፣ አንቱ ያውቁኛል። ጥሩንባ ሲነፋ ቀርቼ አላውቅም። አሁን ይህ ትከሻ ቃሬዛ አይይዝም። ሚስቴ እርጉዝ ናት። ከቅሬ አታውጡኝ። እንደ አሥር አለቃ ነፃ አድርጉኝ።"

"ተገቢ ነው" አለ ኪዳን። ኪዳን የታፈረ ጎረቤት ነው፤ አፉ ፈጣን ነው። "እግር የጎደለው ነፃ ከሆነ ክንድ የጎደለው ለምን ይቀራል?"

ከፋለ ከተቀመጠበት ሳይነሣ መለሰ። "እኔ ነፃ የወጣሁት እግሬ ስለጎደለ አይደለም።"

"ታዲያ ስለምንድን ነው፣ አሥር አለቃ?"

"የት እንደጎደለ ስለምታውቁ ነው። በጉድለትማ ከሆነ ከዚህ ጉባኤ ግማሹ ያነክሳል። አንተም ወገቤን ትላለህ፤ ይልቁንም ወፍራም ሰው ሲታመም።"

ሰው ሳቀ። ታፈረ አልሳቀም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሥር አለቃ። እኔን ድንጋይ የመታኝ ጓሮዬን ስቆፍር ነው? አገር ውጡ አለን፣ ወጣን። ከአንቱ መሬት በላይ ያለውን እርከን ስንክብ ነው የመታኝ።"

እውነት ነበር። ያ እርከን ባይካብ የከፋለን መሬት ጎርፍ ይወስደው ነበር።

ከፋለ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ልክ ነህ" አለ። "አልደከምህም አላልሁም። ነፃ አውጡት ግን አልልም። ዛሬ የታፈረ ክንድ፣ ነገ የገብረመስቀል ጉልበት፣ ከነገ ወዲያ የኪዳን ወገብ። ቃሬዛውን ማን ይይዘዋል? በአህያ ልታወርዱን ነው?"

"አንቱን ምን ቸገረዎ" አለ ኪዳን። "መሬቱ የአንቱ፣ ወረፋው የአንቱ።"

"አዎ የኔ ነው። አልሰረቅሁትም።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ያለውን ሕግ ነገርኋቸው። ሕግ የሚለወጠው ሙሉ ቅሬ ሲቀመጥ ነው፤ ሙሉ ቅሬ የሚቀመጠው ከመስቀል በኋላ ነው። እስከዚያ ታፈረ ምትክ ያቁም። ጥሩንባ ተነፍቶ ከቤቱ ትከሻ ከጠፋ ቤቱ ይወጣል።

"ምትክ ከየት ላምጣ?" አለ ታፈረ። "ሁሉም ተቆጥሯል እኮ።"

ልጅ የሚወለደው ከመስቀል በፊት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ታፈረ ያን ክረምት ሰው ሲፈልግ ከረመ። የሚስቱ ወንድም የሚኖረው ኩልመስክ ነው፤ ጥሩንባችን እዚያ አይሰማም። የአጎቱ ልጅ ላሊበላ እንግዳ ማረፊያ ቤት ይሠራል፤ ሥራዬን ትቼ ተራራ ላይ ልቀመጥልህ ወይ አለው። እንዲህ በማለቱ አልፈርድበትም።

ፍልሰታ ገባ። ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ከብልባላ ወደ እኛ የሚያወጣውን ጥርጊያ መንገድ ጎርፍ ቆረጠው።

አንድ ቀን ማለዳ እትዬ ብርቅዬ ደጄ መጣች። ለመንደሩ ሴቶች ምጥ የምትቀመጥ እሷ ናት። ነጠላዋ ረጥቧል።

"ይማርሽ ናት" አለች። "ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ልጁ አልዞረም። ከእኔ እጅ አልፏል። እዚህ ካዋልናት እናጣታለን።"

ብልባላ ስልክ ደወልን። አምቡላንሱ እዚያ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወዲህ አንድ እርምጃ መምጣት አይችልም ተባልን። ጥሩንባ አስነፋሁ።

ሰዉ በታፈረ ደጅ ተሰበሰበ። ካፊያ ነበር። ቃሬዛው ተዘረጋ፤ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና፣ በመሐል ጠፍር። እንደ ልማዱ ቤቶቹን ጠራሁ። የተጠራው "አለሁ" ይላል። ተራ የሚያዘውም በጠራሁት ቅደም ተከተል ነው።

የታፈረን ቤት መጨረሻ አደረግሁት። ባልጠራው በወደድሁ። ሴትዮዋን ጥለናት አንቀርም፤ እንወስዳታለን። ነገር ግን ስሙ ተጠርቶ ትከሻ ከጠፋ፣ ስንመለስ ቤቱን ማውጣት ግዴታዬ ነው። ዳኛው ለወደደው ሰው ሕግ ካጠፈ በሚቀጥለው ጥሩንባ የሚመጣ አይኖርም። ታፈረ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ከውስጥ የይማርሽ ድምፅ ይሰማል።

"የታፈረ ቤት" አልሁ።

ታፈረ አፉን ከፈተ።

"አለሁ" አለ አንድ ድምፅ ከአጥሩ በኩል።

ዞርን። ከፋለ ነው። ጋቢውን ወገቡ ላይ አሥሮታል። ዱላውን አልያዘም።

"ለማን ቤት?" አልሁ።

"ለታፈረ። ምትክ ነኝ።"

"አሥር አለቃ፣ አንቱ እኮ ነፃ ነዎት" አለ ኪዳን።

"ለዚህ ነዋ። ያልተቆጠርሁ ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። ዳኛ፣ ሕጉ ይከለክላል?"

ሕጉን በልቤ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ስንት ዓመት በእጄ ያለ ሕግ ነው። ነፃ የወጣ ሰው ለሌላ ይሸከማል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ አይሸከምም ያለም አልነበረም። ክፍት ቦታው ሁልጊዜም እዚያ ነበር። እኔ አላየሁትም።

"አይከለክልም" አልሁ።

"እንግዲያው ይቁጠሩኝ።"

ታፈረ ወደ እሱ መጣ። "አይሆንም፣ አሥር አለቃ። በእኔ ምክንያት…"

"አንተን ማን ጠየቀህ? ሚስትህን አውጣት።"

ይማርሽን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ቃሬዛው ላይ አስተኛናት። አራት ሰው ያነሣል፤ ሲደክማቸው ሌላ አራት ይተካል። ዳኛ ከኋላ ይሄዳል። ጭቃው እግር ይይዛል። ከፋለ ከተሸካሚዎቹ ጎን ሳያወራ ያነክሳል።

ከጥድ በር ወደ ብልባላ የሚወስደው የእግር መንገድ መሐሉ ላይ ገደል አለ። ገደሉን የሚያወርደው ደረጃ ነው፤ ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈለ። ማን እንደፈለፈለው የሚያውቅ የለም። በበጋ ፍየል ይወርደዋል። በክረምት ውኃ ይወርድበታል፣ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ያበቅላል፣ እግር ያዳልጣል። ጠባብ ስለሆነ እዚያ ላይ ተሸካሚ አይለወጥም። ከላይ የያዘ እስከ ታች ይይዛል።

ደረጃው አፍ ላይ ስንደርስ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አሳረፉ። ተራ ደረሰ። ቤቶቹን የጠራሁበትን ቅደም ተከተል በጣቴ አስታወስሁ። የመጨረሻዎቹ አራት ነበሩ። ከፊት ገብረመስቀልና ወንድሙ፣ ከኋላ ኪዳንና የታፈረ ቤት።

የታፈረን ቤት መጨረሻ ላይ የጠራሁት ለሱ አዝኜ ነበር። ተራውን እዚህ ደረጃ ላይ እንደሚጥለው አላሰብሁም።

"እኔ ልግባ" አለ አንዱ። "ኧረ እኔ አለሁ" አለ ሌላው።

"ተራው የማን ነው?" አለ ከፋለ።

ሁለቱ ወደ እኔ አዩ።

"ዳኛ፣ ተራው የማን ነው?"

"የታፈረ ቤት ነው" አልሁ።

"በቃ።"

መሬት ላይ ተቀመጠ። ሱሪውን ሰበሰበ፤ ሰው ሠራሽ እግሩን ፈታ። ከጉልበቱ በታች የቀረው ጉማጅ በጨርቅ ተጠምጥሟል። እግሩን ለታፈረ ወረወረለት።

"ያዝልኝ። ዓለቱ ላይ ያንሸራትተኛል። እንዳይረጥብ።"

ታፈረ በግራ እጁ ቀለበው። ከጋቢው ውስጥ አስገብቶ አቀፈው።

ከፋለ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደ ቃሬዛው ሄደና አጣናውን ትከሻው ላይ አደረገ። ኪዳን ከጎኑ ቆሞ ጎንበስ አለ።

"ተቀመጥ" አለው ከፋለ።

"ምን?"

"ቂጥህን መሬት አስነካ። ቁልቁል ነው፤ ቆመህ ከኋላ ከያዝህ ወደ ፊት ተንሸራታ ትወርዳለች።"

ኪዳን ዙሪያውን አየ። ተቀመጠ። የፊተኞቹ ሁለቱ ከታች ባለው የደረጃው እርከን ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ቃሬዛው ቤት ውስጥ እንዳለ አልጋ ተስተካከለ። በዚያ ደረጃ ስንቱን አውርደናል፤ እንዲያ ተስተካክሎ አይቼው አላውቅም።

"ቀስ" አለ ከፋለ። "ያዝ። ቀስ።"

ወረዱ። ከፋለ በአንድ እጁ አጣናውን፣ በሌላው ዓለቱን ይይዛል። ደህናውን እግሩን ይልካል፣ ይረግጣል፣ ገላውን ይጎትታል። ጉማጁን ደግሞ እርከኑ ጠርዝ ላይ ይተክለዋል፤ ፍሬኑ እሱ ነበር። ውኃው ከጀርባው እየመጣ በሱ ላይ ያልፋል። እኔ ጥቂት እርከን ከላያቸው እከተላለሁ። እትዬ ብርቅዬ ክንዴን ይዛለች። ሌሎቹ ደረጃው አፍ ላይ ቆመዋል። ታፈረ ከፊት ቀድሞ ወርዶ ወደ ላይ ያያል።

ይማርሽ ምጡ ፋታ ሲሰጣት ዓይኗን ገለጠች። ባሏን አየችው።

"ታፈረ፣ ምን ይዘሃል?"

"እግር።"

"የማን?"

"የአሥር አለቃ።"

ትንሽ አሰበች። "እንዳትጥለው" አለች። ከዚያ ምጡ መልሶ ያዛት፤ የጠፍሩን ዳር ጨበጠች።

መሐል ላይ ሲደርሱ ገብረመስቀል አዳለጠው። እግሩ ከሥሩ ሸሸ፤ በጉልበቱ ወደቀ፤ አጣናው ከትከሻው ወረደ። የፊቱ አንድ ጎን ወደ ገደሉ ዘነበለ። ይማርሽ ጮኸች። የአንድ ጎን ክብደት ሁሉ ወደ ኋላ መጣ፤ ወደ ከፋለ።

ከፋለ ጉማጁን በሁለት ድንጋይ መሐል ባለ ስንጥቅ ከተተው። ወደ ኋላ ተለጠጠ። አጣናውን ከትከሻው ወደ ደረቱ ሳበና አቀፈው። እንዲያ ሆኖ ቆየ። ፊቱን ከጎን አየሁት። ሩቅ የሚጠራ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ነበር። ቃሬዛው ወደ ታች ንቅንቅ አላለም።

"ተነሥ፣ ገብሬ" አለ ቀስ ብሎ። "አትቸኩል። ይዣታለሁ።"

ገብረመስቀል ተነሣ፤ አጣናውን ትከሻው ላይ መለሰ። እንደገና ወረዱ። ከፋለ ካለፈበት እርከን ላይ ውኃው ቀልቶ ወደ ታች ይሄዳል። ኪዳንም አየው፣ እኔም አየሁት። እትዬ ብርቅዬ አማተበች።

ብዙ ነገር አይቻለሁ። ሰው ከእሳት ውስጥ ሰው ሲያወጣ አይቻለሁ፤ እሳቱ ሰውን ያጣድፈዋል፣ ሳያስብ ይገባል። ይህ ግን እርከን በእርከን ነው። በየእርከኑ መተው ይችል ነበር፤ ነፃ ነው።

ታች ደረሱ። ሌሎቹ ከኋላችን ወርደው ቃሬዛውን ተቀበሉ። ከፋለ ተቀምጦ የራሰውን ጨርቅ ጨምቆ መልሶ ጠመጠመ። ታፈረ እግሩን ከጋቢው አውጥቶ ሰጠው። ደረቅ ነበር።

"እግዜር…" አለ ታፈረ፤ አልጨረሰውም።

"ለእኔ አይደለም። ቤትህ ተሸከመ" አለው ከፋለ።

ኪዳን ሱሪው ከኋላ ተቀዶ ቆሟል። ሌላ ቀን ቢሆን መጀመሪያ የሚስቅበት እሱ ራሱ ነበር። "አሥር አለቃ፣ ተቀምጦ መውረዱን ወታደር ቤት ነው የተማሩት?"

"ቃሬዛ ላይ ተኝቼ ነው ያየሁት" አለ ከፋለ፤ ማሠሪያውን እያጠበቀ። "እኔን ከግንባር ያወረዱኝ ገበሬዎች ናቸው። ገደል ላይ ሲደርሱ የኋለኞቹ ተቀመጡ። አንደኛው ሽማግሌ ነበር፣ ዳኛን የሚያህል። ሱሪው አለቀና በሥጋው ወረደ። ታች ሲደርስ ውኃ አጠጣኝ። ሌላ ቁስለኛ አለ አሉት፤ ተመልሶ ወጣ።"

"የየት አገር ሰዎች ናቸው?"

"እያቃሰትሁ ማንን ልጠይቅ?"

ኪዳን ወደ ደረጃው ቀና ብሎ አየ። "ለእነሱስ መሬት ተሰጣቸው?" ለማሽሟጠጥ አልነበረም።

"ማን አውቋቸው?" አለ ከፋለ። ተነሣና እግሩን መሬት ላይ ሞከረ። "ኑ እንጂ። ምጥ ወሬ አይጠብቅም።"

አምቡላንሱ ብልባላ ቆሞ አገኘነው። ይማርሽ ላሊበላ በቀዶ ጥገና ወለደች። ሴት ልጅ ናት፤ ሁለቱም ደህና ገቡ።

ከፋለ ግን ጉማጁ አመረቀዘበት። እስከ መስቀል ተኛ። ሐኪሙ ሰው ሠራሽ እግሩን እንዳያደርግ ከለከለው። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ስለ ደረጃው ካነሣበት ወደ ግድግዳው ይዞራል። ስለ በሬ ካነሣለት ያወራል።

ከመስቀል በኋላ ሙሉ ቅሬው ተቀመጠ። ከፋለ በሁለት ክራንች መጣ። ከቄሶቹ ቀጥሎ ያለው ቦታው ባዶውን ቆይቶት ነበር፤ ተቀመጠበት። የታፈረን ነገር አነሣሁ። ገና ሳልጨርስ ከታችኛው ሰፈር አንድ ሰው ተነሣ። በዚያ ቀን ከተሸካሚዎቹ ጋር ወጥቷል፣ ከደረጃው አፍ ላይ ቆሞ አይቷል።

"እኔ አሥር አለቃን አከብራለሁ" አለ። "ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ነፃ ያወጣናቸው መሸከም አይችሉም ብለን ነበር። ይኸው ማንም በማይችለው ቦታ ተሸክመው ወረዱ። ከቻሉ እንደ ሁላችን ይቆጠሩ። እኛስ ሰው አይደለንም?"

"ነገሩማ ልክ ነው" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ከዚያ ሌላ ድምፅ። ብዙ አይደሉም፤ ግን ነበሩ። አንገቴን ደፋሁ። ሰው ያየውን በዚህ ፍጥነት እንዲህ አድርጎ ያጣጥፈዋል ብዬ አልጠበቅሁም።

ታፈረ ብድግ አለ። "እኔ ልውጣ። ቤቴን ሰርዙት። እሳቸውን ግን አትንኩ።"

"ተቀመጥ አንተ" አለው ከፋለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ዳኛ፣ ልናገር?"

"ተናገር።"

"ነፃነቴን አልለቅም።"

ጉባኤው ተንጫጫ። "ሰማችሁ?" አለ ከታችኛው ሰፈር የመጣው ሰው፣ እጁን ዘርግቶ። "እሳቸው አይለቁም!"

ከፋለ ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቀ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"ዛሬ ብትቆጥሩኝ በከፋለ ቤት ስም እቆጠራለሁ። የተቆጠረ ሰው ለሌላ ቤት አይሸከምም። ያን ጊዜ ለታፈረ መቆም ሕጉ ይከለክለኛል። ታፈረን ነፃ ማውጣት የእናንተ ጉዳይ ነው፤ እኔ ዛሬም አልደግፍም። እሱን መሳይ ብዙ አለ፣ ቃሬዛው ባዶ ይቀራል። ግን ነፃነቴ የኔ ነው። የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። እስካለሁ ድረስ የማውለው ለሱ ቤት ነው። ከወሰዳችሁብኝ እኔ የማጣው ነገር የለም፤ እሱ ነው የሚያጣው።"

ሰውየው እጁን እንደዘረጋ ቆሞ ነበር።

"ደግመው ሊወርዱ ነው?" አለ ኪዳን በመጨረሻ።

"ጥሩንባ ከተነፋ።"

"በዚህ ቁስል?"

"ቁስሉን አንተ ልትሸከምልኝ ነው?"

የሳቀ አልነበረም። ከታችኛው ሰፈር የመጣው ሰው እጁን ሰበሰበ። ለመቀመጥ ቦታውን ሲፈልግ ጥቂት ቆየ፤ ቦታው እዚያው ከሥሩ ነበር።

ፈረድሁ። አሥር አለቃ ከፋለ እንደቀድሞው አይቆጠርም። የታፈረ ቤት ትከሻ አለው፤ ከቅሬ አይወጣም። የሚቃወም ካለ ብዬ ጠየቅሁ። የተነሣ እጅ አልነበረም።

ጉባኤ ሲያልቅ ሰዉ እንደ ውኃ ነው፤ እየተጋፋ ይፈሳል። ያን ቀን ከፋለ ቀድሞ ተነሣ። በክራንቹ እየተመረኮዘ ወደ መንደር በሚወርደው ቀጭን መንገድ ገባ። በጣም ዝግ ብሎ ይሄዳል። ከጎኑ ሣር ነው፤ ማለፍ ለሚፈልግ ቦታ ነበር። ከኋላው ከሚመጡት መሐል ቤቱ እንግዳ የሚጠብቀው ሰው ነበር። ጤፉን ዝንጀሮ የሚፈጅበት ነበር። ከታችኛው ሰፈር የመጣውም ነበር።

ማንም ቀድሞት አላለፈም። ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ። ቅሬው በሙሉ፣ ሽማግሌው፣ ጎልማሳው፣ ቄሱ፣ አንድ በአንድ ተሰልፎ በእሱ እርምጃ ይሄድ ነበር።